የአራት መቶ ሁለት መጥረጊያ

«ለመጥረጊያዋ ሴትዮ እኮ ዘፈን ወጣላት» አለ ዘበኛው ሴኡ ኤሪባልዶ።

«ለየትኛዋ?» አለች የስድስተኛ ፎቋ ባለ ውሻ።

«ለአራት መቶ ሁለቷ ነዋ፣ ጣራ ለምትደበድበዋ። ዶና ማሪልዛ በሸክላ አስቀርጻታለች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እቤቷ ይሰማል።»

«የእጇን አገኘቻ» አለች ባለ ውሻዋ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ኦንዲና ይህን ስትሰማ የዕቃ ማመላለሻው ሊፍት ውስጥ ነበረች፤ በአንድ እጇ ጎመን፣ በሌላው ብርቱካን አንጠልጥላለች። ሊፍቱ እሷ በሙሽርነት ወደዚህ ሕንጻ ስትገባም አሮጌ ነበር። በሩ የሚታጠፍ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ ወዲያው አይነሳም፣ ጥቂት ያጉረመርምና እንደ ሰነፍ በቅሎ አንዴ ወደ ኋላ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚያች ማጉረምረሚያ መሀል ነው ወሬው ጆሮዋ የገባው። ጉሮሮዋን ጠረግ ብታደርግ ኖሮ ያቆሙ ነበር፤ አላደረገችም። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አርባ ሦስቱን የኖረችው እዚሁ ኮፓካባና ውስጥ፣ ባሕሩ በሚሸተውና በማይታየው በዚህ ሕንጻ ነው፤ ከጀርባዋ ምን ተብላ እንደምትጠራ ያወቀችው ግን ገና ዛሬ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሆነ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሊፍቱ እየተንገጫገጨ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ በሆዷ ይመላለሳል። ጣራውን ሃያ ሦስት ዓመት የደበደበው ባሏ ነው። እሷ አንድ ቀን ብቻ፣ በሕይወቷ አንዲት ቀን ብቻ ነው የመታችው፤ ያችን ቀንም ለምን እንደመታች የሚያውቅ ሰው የለም።

ቤት ስትገባ ጥቁሩ ቦሎቄ ከጨው ሥጋው ጋር ተጥዶ እየተንተከተከ ነው። ክሎቲልዴ ኩሽና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ክሎቲልዴ የሟች ባሏ የአልሲዴስ እህት ናት፤ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባል አላገባችም። ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለሁለት ሳምንት ብላ መጥታ፣ ሻንጣዋን አልጋ ሥር እንዳስቀመጠች ይኸው አለች። ማቀዝቀዣው ላይ የወንድሟ ፎቶ ቆሟል፤ የፖስታ ቤት መለዮውን እንደለበሰ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከፎቶው ሥር ሆነው ያበስላሉ፣ ይበላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፤ ስለ ዋጋና ስለ ጉልበት ሕመም ካልሆነ በቀር ብዙም አይነጋገሩም።

«ጎመኑ ስንት ሆነ?»

«አምስት ሪያል።»

«ሁለት እስር?»

«አንድ እስር።»

«ዝርፊያ ነው» አለች ክሎቲልዴ። ኦንዲና ጎመኑን አጥባ፣ ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ጠቅልላ እንደ ክር አድርጋ መክተፍ ጀመረች። ዓይኗ ግን ስኳር ቆርቆሮው ላይ አረፈ፤ ከሥሩ የወረቀት ጥግ ብቅ ብሏል። ቢላዋውን አስቀምጣ ሳበችው። በደንብ የተጻፈ ካርድ ነው። «ዶና ኦንዲና፣ አሥራ አንድ ሴቶች የተባለው ሸክላዬ ወጥቷል። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ይሰማል። ዘጠነኛው ዘፈን አራት መቶ ሁለት ይባላል፤ እርስዎ ሳይሰሙት ሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈልግም። ማሪልዛ።»

«ከሦስት ቀን በፊት ነው በበር ሥር የገባው» አለች ክሎቲልዴ፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽብኝ?»

«የወንድሜን ስም በአደባባይ ሊያጎድፉት ነው የጠሩሽ። ሄደሽ ልታጨበጭቢላቸው ነው?»

ኦንዲና ወደ ጎመኗ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር አልሲዴስ ክፉ ሰው አልነበረም። በፖስታ ቤት ዘመኑ አንድ ደብዳቤ አልጠፋበትም፤ ደመወዙን ፖስታውን ሳይከፍት ነበር ለሚስቱ የሚያስረክበው። ድምፅ ግን አይወድም። ማሪልዛ ጊታሯን ይዛ ላይ ቤት የገባች ሰሞን ነው መጥረጊያውን ገልብጦ በእንጨቱ ጣራውን ሦስት ጊዜ የመታው፤ ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ላይ ቤት ጊታር ሲነሳ ታች ቤት መጥረጊያ ይነሳል። ማሪልዛም አትጣላም፣ ለአስተዳዳሪው አትከስም፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እንደገና ሲመታ እንደገና ዝቅ ታደርጋለች። እንዲህ እያለች፣ በሹክሹክታ መዝፈን ባህል በሆነበት ከተማ የሹክሹክተኞች ሁሉ ሹክሹክተኛ ሆና አረፈችው። በየሆቴሉ ከወንድ ዘፋኞች ጀርባ ተቀምጣ ስታጅብ ኖረች እንጂ በስሟ የወጣ አንድ ሥራ እንኳ አልነበራትም።

ደግነቱ አልሲዴስ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አደባባዩ ላይ ዶሚኖ ይጫወታል። በዚያች አንድ ሰዓት ማሪልዛ ጉሮሮዋን ትከፍታለች፣ ኦንዲናም የኩሽናዋን መስኮት ትከፍታለች። የሕንጻው ኩሽናዎች ሁሉ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ አንድ ጠባብ የአየር ጉድጓድ ነው፤ ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው፣ የማን ቤት ምን እንደተጠበሰ የሚታወቀውም እዚያ ነው። ዜማው በጉድጓዱ ወርዶ ሲመጣላት፣ ኦንዲና ሽንኩርት እየከተፈች ከሥሩ ገብታ ታንጎራጉራለች። ያስተማራት የለም። ላይኛዋ ከፍ ስትል እሷ ዝቅ፣ ላይኛዋ ስትቆም እሷ ትንሽ ቀጠል ታደርጋለች። ማሪልዛ ትስማት አትስማት አታውቅም። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ «እንደምን ዋሉ ዶና ማሪልዛ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ዶና ኦንዲና» ይባባሉና ሁለቱም ወደ ላይ ቀና ብለው የፎቅ ቁጥር ይቆጥራሉ።

የዛሬ ስምንት ዓመት አልሲዴስ በልብ ሕመም ሞተ። የሰባተኛው ቀን ቅዳሴ እስኪደርስ ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ማሪልዛም ጊታሯን አልነካችም። ሰባተኛው ቀን አለፈ። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውም አለፈ፤ ከላይ ኮሽታ የለም። በአሥረኛው ቀን፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ኦንዲና ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ ዝምታው ሊያፍናት ደረሰ። ወጥታ በር ማንኳኳት ነበረባት። ግን ጥቁር ለብሶ ጎረቤት ቤት ሄዶ «ዘፈን ናፈቀኝ» ማለት እንዴት ይሆናል? መጥረጊያውን አነሳች። ከማሪልዛ ዜማዎች የምትወደውን የአንዱን ምት ይዛ ጣራውን መታች። ተጫወቺልኝ ማለቷ ነበር። ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ያ ምት ምን ሆኖ እንደደረሰ እግዜር ይወቀው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከላይ ቤት አንዲት ዜማ አልወረደችም። ኦንዲናም ወጥታ «አይደለም፣ እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ማለት ነበረባት። ነገ ነገ ስትል ወር ሆነ፤ ከወር በኋላ አፈረች፤ ከዓመት በኋላ ነገሩ አፍ የማይደፍረው ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ያ ድብደባ በሸክላ ታትሞ አገር ሊሰማው ነው።

ቦሎቄውን በሩዝና በጎመን በሉ። ብርቱካኑን ክሎቲልዴ ላጠች። ከምሳ በኋላ ኦንዲና ፀጉሯን አበጠረች፣ ግራጫ ቀሚሷን ለበሰች፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ ስለማይገባ ትናንት የሠራችውን የኮኮናት ጣፋጭ ሳህን ላይ ደርድራ በነጭ ጨርቅ ሸፈነች። ክሎቲልዴ ከወንበሯ ሳትነሳ በዓይኗ ተከተለቻት።

«ሄደሽ ምን ልትያቸው ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ኦንዲና። እውነቷን ነበር። በደረጃው አሥራ ስምንት መርገጫ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆማ ልትመለስ ከጀላት፤ ጣፋጩን አሰበችና ወጣች።

በዚህ ሁሉ ዓመት የማሪልዛን ቤት ከውስጥ አይታው አታውቅም። ስትገባ ክው አለች፤ ቤቱ የራሷ ቤት ነው። ያው መስኮት፣ ያው ወለል፣ ያው ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ግድግዳ። ብቻ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ፈርሶ አንድ ሰፊ ክፍል ሆኗል፤ እሷ ፎጣና አንሶላ በምትደረድርበት ቦታ እዚህ ኖታ ተቆልሏል። እንዲህም ይኖራል ለካ አለች በሆዷ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ወንበር ላይ፣ አልጋ ጫፍ ላይ፣ ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ማሪልዛ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ኦንዲናን ስታይ ወሬዋን አቋርጣ ተነሳች።

«መጡልኝ ዶና ኦንዲና። አይመጡም ብዬ ነበር።»

«ጣፋጭ ነገር ይዤ…» አለች ኦንዲና፤ ሳህኑን ዘረጋችላት። ሴቶቹ ተጠጋግተው መሀላቸው አስቀመጧት። በስተግራዋ የተቀመጠችው ፀጉሯ እንደ ጎፈሬ የቆመ ጁሳራ የምትባል ወጣት ናት፤ ሸክላው ላይ ትልቁን ባለ አራት ክር ባስ የተጫወተችው እሷ ናት። ከበሮውንም፣ ፒያኖውንም፣ ዋሽንቱንም የተጫወቱት ሴቶች ናቸው፤ ድምፁን የቀረጸችውም ሴት ናት። ኦንዲና ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። ወንበር ላይ የተጋደመው ጊታር ክሮቹ ሥር ሰማያዊ የፊት ፎጣ ተወትፎበታል። ፎጣው ከእርጅና ብዛት ነጥቷል።

ማሪልዛ ሸክላውን አስቀመጠች፤ መርፌው ወረደ። መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ትንፋሽ፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፤ ከበሮዋን በሽቦ መጥረጊያ የምታሸው ልጅ ከትንፋሹ ሥር ገባችና ትንፋሹ ራሱ ዜማ ሆነ። ቀጥሎ ያለው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሰው ቤት ልታጸዳ አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት ዘፈን ነው፤ ፒያኖው እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያስወጣች ሴት መስተዋት ፊት ቆማ ራሷን ስትመለከት ዋሽንቱ አያለቅስም፣ ይስቃል። የወር አበባዋ ሊቋረጥ የደረሰ ሴት በድንገት ላብ ሲያጠምቃት ሳምባ የሚባለው ፈጣን ጭፈራ ሆኖ ሲመጣ፣ ያሉት ሁሉ እየሳቁ በካርዳቸው ያራግቡ ጀመር፤ ኦንዲናም ሳታውቀው አብራ ሳቀች። ሰባተኛው ሁለት ቀን ብቻ ለኖረች ሕፃን የተዘፈነ እሹሩሩ ነው። ኦንዲና የዛሬ አርባ ዓመት እንዲህ ያለች ልጅ ነበረቻት፤ ስለሷ ከአልሲዴስ ጋርም ሆነ ከክሎቲልዴ ጋር አንድ ቀን ተነጋግራ አታውቅም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይሄ ሁሉ ይዘፈናል ለካ? ሴቶች በየኩሽናው፣ በየሽንት ቤቱ በር ዘግተው የሚውጡት ነገር ሁሉ ይህን ያህል ክብር አለው ለካ? ዕድሜ ልኳን ዘፈን ማለት ወንድ ለቆንጆ የሚዘፍነው ይመስላት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ፍርሃት ተሰምቷት አያውቅም፤ ፍርሃቱ ግን ደስ የሚል ነበር።

ስምንተኛው አልቆ መርፌው ዘጠነኛው ላይ ከማረፉ በፊት ማሪልዛ አነሳችው።

«ይሄኛውን ከመስማታችሁ በፊት የዘፈኑ ባለቤት እዚህ ስላለች ልናገር» አለች። ድምፅዋ ስትናገርም ሹክሹክታ ነው። «ታች ቤት ያለችው ሴት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ድምፅ ይዛልኛለች። እንደማልሰማት ነው የምታስበው። እኔ ግን ዘፈን ስሠራ ለእሷ ቦታ እየተውኩ ነበር የምሠራው። ጓደኛ አለችኝ እል ነበር፤ ባሏ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች፣ በሱና በሷ መሀል እኖራለሁ እል ነበር። ሲሞት መጥረጊያውም አብሮት የተቀበረ መስሎኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ተመታ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ሳይሆን እሷ ናት። ለካ ወርሳዋለች። ፎጣውን የወተፍኩት ያን ቀን ነው። ግን ቂም አልያዝኩም ዶና ኦንዲና። እኛ ሴቶች ያልፈለግነውን ስንቱን ወርሰናል። ዘፈኑ ይቅርታ ነው።»

ሃያ ሴቶች ወደ ኦንዲና ዞሩ። የሚጠላት ፊት የለም፤ ሁሉም ያዝኑላታል። ይህ ከሊፍቱ ሳቅ የባሰ ሆነባት። መርፌው ወረደ። ዘፈኑ የጀመረው በሦስት ድፍን ምት ነው፤ እንጨት በሲሚንቶ ላይ። ከዚያ ጊታሩ ብቻውን መጣ፤ ከዚያ የማሪልዛ ድምፅ፣ ማንንም ሳያስቀይም መኖርን የለመደ ያ ትንሽ ድምፅ፦

ታች ቤት የምትኖር ድምፅ ነበረችኝ፣
ስሟን ያልጠየቅኋት፣ እሷም ያልነገረችኝ።

ኦንዲና እንዲህ ያለ ውብ ነገር ሰምታ አታውቅም። ባሱ ከደረቷ ውስጥ የሚመጣ መሰላት። ስለ እሷ ነው የሚዘፈነው፤ ስለ እሷ፣ ሽንኩርት ስለምትከትፈው፣ ማንም ልብ ስለማይላት። መሀል ላይ ሲደርስ ማሪልዛ ዝም አለች፤ ጊታሩ ብቻውን ስምንት ስንኝ ተጫወተ፣ ማንም አይዘፍንም። ሌሎቹ ዜማው ዕረፍት ያደረገ መሰላቸው። ኦንዲና ግን አወቀችው፤ የእሷ ቦታ ነው። ጉሮሮዋ በራሱ ሊከፈት ሲል ጥርሷን ነከሰች። ከስምንቱ ስንኝ በኋላ ድምፁ ተመለሰ፦

መጥረጊያው ሲወርስሽ ይቅር ብዬሻለሁ፣
ቦታሽን ትቼልሽ ዛሬም እጠብቃለሁ።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ጁሳራ የኦንዲናን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለቻት። ኦንዲና «አይ፣ የኔ ነው፤ እንዲያውም እንዲህ አልነበረም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ ትጀምር? ይህን የመሰለ ነገር ተሠርቶ፣ ተቀርጾ፣ እነዚህ ሁሉ ሴቶች እንባቸውን እየጠረጉ «ውሸት ነው፣ ልመና ነበር» ብላ ትነሳ? ባልሠራችው ጥፋት እንዲህ አምሮ ይቅር ተብላለች፤ ይቅርታውን መመለስ ደግሞ ስጦታ ከመመለስ የከፋ መሰላት። አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ሰማች ለማለት እንጂ አልሰማችም። ክሎቲልዴ ብቻዋን ናት ብላ ተነሳች። በሩ ላይ ማሪልዛ «አስቀየምኩዎት?» አለቻት፤ «ኧረ በፍጹም» አለች፤ ሁለቱም እንደ ሊፍቱ ጊዜ ዓይናቸውን ከፍ አድርገው የበሩን ቁጥር አዩ።

ክሎቲልዴ ኩሽና ውስጥ እንደተቀመጠች ናት። መስኮቱን ከፍታ ነበር፤ በጉድጓዱ የወረደውን ሁሉ ሰምታለች።

«ሰደቡት?»

«አልሰደቡትም። ለኔ አዘኑልኝ።»

«ከስድብ ይሻላላ።»

«አይሻልም» አለች ኦንዲና፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለባሏ እህት ከተናገረችው ሁሉ የሚረዝመውን ነገር ተናገረች። ስለ ዶሚኖው ሰዓት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ አሥረኛው ቀን። ክሎቲልዴ የነጭ ሽንኩርቱን ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ወዲያ ወዲህ እያደረገች ሰማቻት።

«አንቺ ነበርሽ?» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን ክፍሌ ተኝቼ ነበር። ሲመታ ሰማሁት። እኔ እኮ ነፍሱ መስላኝ ነው። ነፍሱ አላረፈችም ብዬ ሁለት ጊዜ ቅዳሴ አስቀድሼለታለሁ።»

ኦንዲና ትስቅ ታለቅስ እንደሆነ ሳታውቀው ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ክሎቲልዴ ግን አልሳቀችም። ፎቶውን ቀና ብላ አየችው። «በከንቱ ነው ለካ የጸለይኩት» አለች ቀስ ብላ፤ ለወንድሟ ይሁን ለራሷ እንደተናገረች አልታወቀም።

ላይ ቤት ወንበር ተጎተተ፤ አርፍደው የመጡ እንግዶች የገቡ ይመስላል፣ ሸክላው ከመጀመሪያው እንደገና ተነሳ። ያ የምጥ ትንፋሽ በጉድጓዱ ወረደ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። የቅዳሜ ፀሐይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻ ቀርታለች፤ የተሰጡት ልብሶች አይንቀሳቀሱም። አውቶቡስ ጠባቂዋ አለፈች፣ መስተዋቷ አለፈ፣ ላቡ አለፈ፤ በሳቁ ጊዜ የላይኞቹ ሴቶች እንደገና ሳቁ። እሹሩሩው ሲደርስ ክሎቲልዴ በድንገት «ሮዚልዳ ነበር ስሟ አይደል?» አለች። ኦንዲና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ቤት ያ ስም በአርባ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ጊዜ መጠራቱ ነበር፤ ተጠርቶም ቤቱ አልፈረሰም። ኦንዲና ከዚህ በኋላ የምትፈራው ነገር ጠፋባት። ተነሳች። ከበሩ ጀርባ መጥረጊያውን አመጣች፤ ጭራሮው ስንት ጊዜ ተለውጧል እንጂ እንጨቱ ያው የአልሲዴስ እንጨት ነው፣ ጫፉ ዶልዱሟል። ክሎቲልዴ አየቻት። ኦንዲና ትከለክለኛለች ብላ ጠበቀች። ክሎቲልዴ ተነስታ ጠረጴዛውን ገፋ አደረገችና ከጣራው ሥር ቦታ ለቀቀችላት።

ዘጠነኛው ጀመረ። ሸክላው ላይ ያሉት ሦስት ድፍን ምቶች ተሰሙ። ኦንዲና መጥረጊያውን አነሳችና ከአራተኛው ጀምራ መታች፤ ግን እንደ አልሲዴስ አይደለም። ያን ቀን እንደመታችው፣ በዜማው ምት፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ እንደገና ሁለት አጭር፣ ከጊታሩ ጋር እኩል፣ ሳትቀድመው ሳትዘገይ። ክንዷ ያማታል፤ አልተወችም። ላይ ቤት ወሬ ቆመ። ስንኙ አለቀ። ማሪልዛ ዝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ ኦንዲና መጥረጊያውን ለክሎቲልዴ አቀበለቻት፣ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ አወጣችና ዘፈነች። ማንጎራጎር አልነበረም፤ ዘፈን ነበር። ድምፅዋ ሻክሯል፣ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ፤ በሦስተኛው ስንኝ ግን ቦታውን አገኘ። የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ተከፈተ። የስድስተኛው ፎቅ ውሻ ጮኸና ዝም አለ።

ሸክላው መሀል ላይ ተነሳ። የማሪልዛ ነጭ ራስ ከላይኛው መስኮት ብቅ አለ፤ ከጀርባዋ ሴቶች ተደራርበዋል።

«ዶና ኦንዲና?»

«አቤት፣ እኔ ነኝ።»

«ያን ጊዜም… ከቅዳሴው በኋላም… እንዲህ ነበር የመቱት?»

«እንዲሁ ነበር። ተጫወቺልኝ ማለቴ ነው» አለች ኦንዲና። «ናፍቆኝ ነበር። መጥቼ መናገር አቃተኝ።»

ኦንዲና አንገቷን ወደ ላይ አጣምማ ብታይም የማሪልዛን ፊት በደንብ መለየት አልቻለችም፤ ብርሃኑ ከኋላዋ ነው። እጇ ግን መስኮቱን ጭምድድ አድርጎ ይዟል። አሁን ትቆጣኛለች አለች ኦንዲና፤ ዘፈኔን አበላሸሽብኝ ትለኛለች።

«ስምንት ዓመት፣ ኦንዲና» አለች ማሪልዛ። ዶና የሚለውን ጥላው ነበር። «ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም እዚሁ ነበርን።»

ራሷ ከመስኮቱ ጠፋ። የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ ክር ሲነካ ተሰማ። ወዲያው አንድ ሰማያዊ ነገር ከላይኛው መስኮት ተወረወረ፤ በአየሩ ውስጥ ተገልብጦ፣ ተዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ክሎቲልዴ ያሰጣችው አንሶላ ላይ አረፈ። ክሎቲልዴ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን ዘረጋችና ፎጣውን ከገመዱ ላይ አነሳችው። አገላብጣ አየችው፤ መሀሉ ላይ ስድስት የክር መስመር ተስሎበታል።

«መታጠብ አለበት» አለች፣ አጥፋም በወንድሟ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው።

ጊታሩ ጀመረ። ሸክላው አይደለም፣ ራሱ ጊታሩ ነው፣ አፉ የተፈታ፣ የኩሽናው ብርጭቆ እስኪንጫጫ ድረስ። ማሪልዛም መዝፈን ጀመረች፤ ኦንዲና እንዲህ ጮክ ስትል ሰምታት አታውቅም፤ ስምንተኛ ፎቅ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ስንኙን ግን ለውጣዋለች፤ ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውን ትታ ይቅር በይኝ አለች። ክሎቲልዴ ለእራት መልሳ የጣደችውን የቦሎቄ ድስት እሳት ቀነሰች። ኦንዲና ሁለት ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ የእሷ ቦታ እስኪደርስ ጠበቀች።